መድኃኔዓለም እጄን መለሰልኝ

የመድኃኔዓለምን ሥራ ለመመስከር ነው የምጽፈው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የሮክ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አምባሰልንና ባቲን በኤሌክትሪክ ጊታር እያጮህን እዚህም ኮምቦልቻም በየሆቴሉ እንጫወታለን።

አንድ ምሽት ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ላይ የተሳፈርንበት መኪና ተገለበጠ። ሁላችንም ተረፍን። የእኔ ግራ ክንድ ግን ተሰበረ፤ አጥንቱን ተጠግቶ የሚወርደው ነርቭም አብሮ ተጎዳ። ስብራቱ ቢጠግንም እጄ ከአንጓው ጀምሮ ተልፈስፍሶ ቀረ። ሐኪሙ አልደበቀኝም፤ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚያድግ፣ እጄም ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረኝ።

ሰፈሩ ምክንያቱን ወዲያው አገኘለት፦ «የሰይጣን ሙዚቃ»። ከስብራቱ ይልቅ ይህ አመመኝ፤ ከሮክ ሰዎች መካከል የሚጸልዩ እንዳሉ አውቃለሁና። የሜጋዴዝ ባንድ መሪ ዴቭ ሙስቴይን በ2002 እ.ኤ.አ. እንደ እኔው የግራ ክንዱ ነርቭ ተጎድቶ ባንዱን በትኖ ነበር። በ2004 በአዲስ አልበም ተመለሰ፤ በክርስቶስ ማመኑንም በአደባባይ ይናገራል። የአየርላንዱ ዩቱ ባንድም በ1983 ከመዝሙረ ዳዊት ወስዶ የሠራውን ዜማ ለዓመታት የኮንሰርቱ መዝጊያ አድርጎታል። መዝሙሩ በእነርሱ ቁጥር 40 ነው፤ በእኛ ዳዊት 39 ሲሆን ማክሰኞ ይደገማል፦ «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት።»

እናቴም ደጅ ጠናች። በሌሊት እየተነሣች መድኃኔዓለም ትስማለች፤ ጸበል ይዛ ተመልሳ ክንዴን ታሸዋለች። ጃንጥላም ተሳለች። የነፍስ አባቴን ስለ ዘፈኑ ብጠይቃቸው «መጀመሪያ እጅህ ይዳን፤ ስለ ዘፈኑ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። የከበሮ መቺያችን እናት ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ቡና አፍልተው፣ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አስደረጉልኝ። ወሎ ነውና እንግዳ ነገር አይደለም። ቢሆንም ስሜን እየጠሩ ሲለምኑልኝ እንዳመሹ ስሰማ እንባዬን መያዝ አልቻልሁም።

ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ዳዊቷን ስትደግም እጄን ትራስ ላይ አሳርፌ ተቀምጬ ነበር። አይበሉባዬ ከትራሱ ብድግ አለ፤ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ተነሥቶ ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ሞከርሁ፤ እንደገና ተነሣ። «እማዬ!» ብዬ ብጮህ ዳዊቷን እንደ ያዘች መጥታ እጄን ጨበጠችው። እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ጣቶቼ ተራ በተራ መዘርጋት ጀመሩ፤ አውራ ጣቴ የመጨረሻው ነበር።

ሐኪሙ ነርቩ አድጎ ነው ይላል፤ እኔም አልክድም። ያሳደገው መድኃኔዓለም ነው።

ጥቅምት 27 ስለቱን አስገባን። ዛሬ እንደ ቀድሞዬ እጫወታለሁ፤ ከነፍስ አባቴ ጋርም የቀጠርነውን ጭውውት ጀምረነዋል። ዱዓ ያስደረጉልኝ እናት ግን ሰሞኑን ልባቸውን ታመው ተኝተዋል። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም በጸሎት፣ ሙስሊሙም በዱዓ አስቧቸው።