መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ መዳብ ፍለጋ

መዳብ ሲባል ብዙ ሰው አረንጓዴ ድንጋይ ነው የሚታየው። አይፈረድበትም። ማላካይት የሚባለው ማዕድን ከሩቅ ይጣራል። በ1900 አላስካ ውስጥ ሁለት ማዕድን ፈላጊዎች ከሩቅ ያዩት አረንጓዴ ነገር ለፈረሶቻቸው የሚሆን ሣር መስሏቸው ነበር ይባላል፤ የኬኔኮት መዳብ የተገኘው በዚያ ነው። እኔ ግን መኪና በማይገባበት ተራራ ላይ ስሠራ ከአረንጓዴው ይልቅ ያመንኩት ዝገቱን ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ከታች፣ ከጅረቱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ እያንዳንዱን ጉብታ መውጣት አይታሰብም። ዝናቡ ግን ተራራውን እየሸረሸረ ያወርድላችኋል። ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት ቦታ ስደርስ፣ ከመገናኛው ትንሽ ከፍ ብዬ ከሁለቱም ደለል እወስዳለሁ። ከዚያ ብዙ መዳብ የተገኘበትን ጅረት ይዞ ሽቅብ መውጣት ነው። የናስ ወንፊት ግን እንዳትይዙ። ናስ ራሱ መዳብና ዚንክ ነው፤ የሌለ ክምችት ያሳያችኋል። የእኔ ወንፊት ናይለን ነው። ቀለበትም ይወልቃል።

ሽቅብ ስንወጣ ቀድሞ የተገኘው እንደተጠበቀው አረንጓዴው ነበር፤ ገደሉ ላይ ተለጥፎ። አብረውኝ ያሉት ፈነጠዙ። ቀጭን አሲድ ጠብ ሲደረግበት ተንተከተከ፤ ካርቦኔት ነው፣ ማላካይት። ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ መዳብ ስለሆነ ላብራቶሪ ብትልኩት የሚያስጨፍር ቁጥር ይመጣል። ችግሩ መዳብ ተጓዥ መሆኑ ነው። ሰልፋይድ ማዕድናት፣ ማለትም ድኝ ያለባቸው፣ አየርና ውኃ ሲያገኛቸው አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ መዳቡን አሟሙቶ ይወስደውና ሌላ ቦታ ስንጥቅ ላይ አረንጓዴ አድርጎ ይተወዋል። ቆንጆ ቆንጆውን ለቅሞ መላክ ራስን መሸወድ ነው። ስለዚህ ገደሉ ላይ ሜትር ተዘርግቶ፣ አረንጓዴም ይሁን ግራጫ፣ ሳይመረጥ በተከታታይ ተፈለፈለ።

ዝገቱ ከላይ፣ ሸንተረሩ ላይ ነበር። ቀዳዳ የበዛበት፣ በቀጫጭን የኳርትዝ ሥሮች የተጠላለፈ ቀይ አለት። ላብራቶሪው እዚህ ግባ የሚባል መዳብ የለውም አለ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ጃሮሳይት የሚባለው ቢጫ ዝገት ቢበዛ ኖሮ ታች ያለው ባብዛኛው ፓይራይት ነው፣ ማለትም መዳብ የሌለው የብረትና የድኝ ማዕድን ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። የእኛው ግን ጠቆር ያለ ቀይ የብረት ዝገት፣ ሄማታይት ነው። ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ ከመዳብ ጋር የሚገኘው ብረት፣ ሞሊብዲነም፣ ከፍ ያለ ነበር። ሞሊብዲነም አሲድ ውስጥ እንደ መዳብ በቀላሉ አይሄድም። እሱ ቀርቶ መዳቡ ከሌለ፣ ታጥቦ ወርዷል ማለት ነው። ታጥቦ የወረደው መዳብ የከርሰ ምድር ውኃ አካባቢ ሲደርስ ካልኮሳይት ሆኖ ይከማቻል፤ እሱ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋ መዳብ ነው። በ1981 የተገኘው የቺሊው የኤስኮንዲዳ መዳብም እንዲህ መዳቡ በታጠበ የላይኛው አለት ሥር ነበር።

የቁፋሮ ማሽኑ ተፈታትቶ በሄሊኮፕተር ወጣ። ሥሮቹ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ስለነበሩ ቁፋሮውን አዘንብለን አስኬድነው። ቀጥ ያለ ቁፋሮ በሥሮቹ መሃል ሹልክ ብሎ ያልፋል። ኮሩ፣ ማለትም ማሽኑ ቆርጦ የሚያወጣው የአለት ዘንግ፣ ሲወጣ ውኃ ይፈስበታል፤ ደረቅ ኮር ምንም አይናገርም። መጀመሪያ ዝገት፣ ከዚያ ፓይራይቱን እንደ ጥቀርሻ የለበሰ ጥቁር ካልኮሳይት፣ ከሥሩ ደግሞ ካልኮፓይራይት፣ መዳብ፣ ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን። ካልኮፓይራይትና ፓይራይት ካምታቱ ቢላ ያወጣል፤ ካልኮፓይራይት ይጫራል፣ ፓይራይት አይበገርም። ኮሩ ለሁለት ተሰነጠቀና ግማሹ ላብራቶሪ ሄደ። ላብራቶሪውን ለመፈተሽ በናሙናዎቹ መሃል መዳብ የሌለበት ድንጋይና የመዳቡ መጠን የታወቀ ዱቄት ሳንነግራቸው ሰገሰግንበት።

አሁን ከማንኛውም ነገር በፊት የማስበው ስለ መውጫው ነው። ግማሽ በመቶ መዳብ ማለት ከአንድ ቶን አለት 5 ኪሎ ማለት ነው። ተፈጭቶና ተጣርቶ እንኳ የሚጫነው ዱቄት መዳቡ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ እንኳ አይሞላም። የተቀረው ብረት፣ ድኝና ጭቃ ነው፤ እሱም የጭነት ሒሳብ ይከፈልበታል። ስለዚህ የአለቱን ካርታ ስሠራ የሸለቆውን ተዳፋት፣ ድልድይ የሚፈልገውን ወንዝና በክረምት የሚናደውን ዳገት እዚያው ካርታ ላይ አሰፍራለሁ።