አሥር እርምጃ ለአንዲት ታንኳ

ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ በተከራየኋት ቤት አንዲት ስሪዲ ፕሪንተር አለችኝ፤ ፕላስቲክ እያቀለጠች በላይ በላዩ እየደረበች ዕቃ የምትሠራ ማሽን። እንጀራዋ የባጃጅ ፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የተሰበረውን ለክቼ አዲስ አትማለሁ። ቱሪስት ሲኖር ደግሞ የቁልፍ መያዣ የምትሆን ትንሽዬ የጣና ታንኳ።

የማዝዛት በኦክቶፕሪንት ነው። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በብራውዘር የሚከፈት ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አሪፍ ነገር። ግን አንድ ሥራ ለማስጀመር ስላይስ አድርጌ (የዕቃውን ሥዕል ፕሪንተሯ ወደምትከተለው ትዕዛዝ ቀይሬ)፣ ፋይሉን አስቀምጬ፣ ብራውዘር ከፍቼ፣ ኮኔክት ብዬ፣ አፕሎድ አድርጌ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ መርጬ፣ ቤዱን (ዕቃው የሚታተምበትን ጠፍጣፋ መደብ) 60 ኖዝሉን (የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበትን አፍ) 210 ዲግሪ አዝዤ፣ እስኪሞቅ ጠብቄ፣ ከዚያ ነው ፕሪንት የምለው። ቆጠርኩት፣ አሥር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከሀ። እኔስ ለምጄዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን በጀልባ ወደ ዘጌ እየሄድኩ ሦስቴ ደወለ፤ «አሁንስ የቱን ልንካ?» ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮህኩ ሳስረዳው ጀልባው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ኖዝል ማሞቅ ተማረ።

ማታውኑ ቁጭ አልኩ። ትልቁን ሸክም ያቀለለልኝ ስላይሰሩ፣ ያ ስላይስ የማደርግበት ሶፍትዌር ነው። ስሙ ፕሩሳስላይሰር ነው፤ እሱ ላይ የኦክቶፕሪንቱን አድራሻና ኤፒአይ ኪይ የሚባለውን የመግቢያ ኮድ አንዴ አስገባሁ፤ ፋይል ማስቀመጥና አፕሎድ ማድረግ በዚያው ቀረ። ኮኔክቱንም ኦክቶፕሪንት ሲነሳ ራሱ እንዲያደርገው ሴቲንግ ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ማሞቁ ነው ያሳፈረኝ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ኤም 190 እና ኤም 109 የሚሉ ትዕዛዞች አሉ፤ አንዱ ቤዱ ሌላው ኖዝሉ እስኪሞቅ ፕሪንተሯን ያስጠብቋታል። ለካ ድሮም እዚያው ነበሩ! ያን ሁሉ ጊዜ በእጄ ሳሞቅ የከረምኩት በከንቱ ነው። አትሳቁብኝ።

ከዚያ ጠገብኩ። ስላይሰሩ ላይ «ላክና አትም» የሚል ስላለ ወንድሜን እሱን ብቻ ተጫን አልኩት። በማግስቱ ያለቀችውን ታንኳ ከቤዱ ላይ ሳያነሳ ሌላ ላከ። ኖዝሉ ከጥግ ተነስቶ መሀል ሲደርስ ገጫት፤ የሚያንቀሳቅሰው ቤልት እየዘለለ ክርክርክር ሲል ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እሱን ልቆጣው አልኩና ያዘዝኩት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ።

አሁን «ላክ» ብቻ ነው። ከዚያ ፕሪንተሯ አጠገብ ሄዶ ቤዱ ባዶ መሆኑን አይቶ ፕሪንት ይላል፤ ኦክቶፕሪንትም ከመጀመሩ በፊት እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ እንዲጠይቀው አድርጌዋለሁ። ያቺን ጥያቄ ድሮ ብትመጣብኝ አጠፋት ነበር። ስልኩ ግን አልቀረም፤ አሁን የሚደውለው መብራት ሄደ ሊለኝ ነው።