እሳቱን ጨርስ፣ ከዚያ ድንጋዩን ጥራ

የመጀመሪያዋ ኦፓሌ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አትበልጥም ነበር። ከወገል ጤና የመጣ ዘመድ ነው በወረቀት ጠቅልሎ የሰጠኝ። ቡናማ ቅርፊቷን ፋቅ ሳደርገው ውስጧ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ በራ። ኦፓል የከበረ ድንጋይ ነው፤ ይህቺ ወሎ ውስጥ ካለው ከደላንታ ገደል የወጣች ናት። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እዚያ መገኘቱ ከተሰማ ወዲህ የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል። የሚያወጡት ወጣቶች ግን ገደሉ ላይ ዋሻ እየቆፈሩ፣ ናዳ እየፈሩ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ የሰው ነፍስ የተከፈለባት ያህል ይሰማኛል።

ያቺን ፍሬ አበላሸኋት።

ቀለበቱን ሠርቼ፣ ድንጋዩን አስገብቼ፣ ጠርዙን ዙሪያውን አጥፌበት ጨርሻለሁ። ከዚያ ቀለበቱ ከሥር መጋጠሚያው ላይ ክፍት መሆኑን አየሁ። ትንሽ እሳት ምን ያደርጋታል ብዬ የጋዙን ነበልባል ጠጋ አደረግኩ። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለሁለት ተከፈለች። ኦፓል በውስጡ ውሃ አለው፤ ድንገተኛ ሙቀት አይችልም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ስብርባሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩት። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ እሳቱን ጨርስ፣ ከዚያ ድንጋዩን ጥራ» አሉኝ። እሳቸው በልጅነታቸው ቀጥቃጭ እየተባሉ የተሰደቡ ሰው ናቸው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ ካስነገሩ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን እሳቸው ዘንድ ደርሷል። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። እንደ እሳቸው እጅ የተባረከ እጅ አላየሁም።

ብሩን እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ለቀለበት ብቻውን አይሆንም። 92.5 ግራም ብር ላይ 7.5 ግራም መዳብ አድርጌ አቀልጣለሁ። ድሮ የሚቀልጠው ማርትሬዛ ነበር። 28 ግራም ገደማ የምትመዝነው፣ ፊቷ ላይ 1780 የተጻፈባት ሳንቲም ማለቴ ነው። ብሯ 83 ከመቶ ገደማ ነው። አያቴ አንድ ትተውልኝ ነበር። ለማቅለጥ ወስጄ ጋሼ ከለከሉኝ። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ብር በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመሀሉ አሙቄ አለሰልሰዋለሁ። መብራቱን የማጠፋው እዚህ ጋ ነው። ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ማቆም አለብኝ፤ ያንን ቀይ በደማቅ ብርሃን ዓይን አያየውም። መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቼ፣ ፀሐይ እየገባ ስሠራ ሁለት ቀለበት አቅልጫለሁ። ከእሳት ሲወጣ የሚጠቁረውን ብር፣ ጨው በተጨመረበት የሎሚ ጭማቂ ቀቅዬ አነጣዋለሁ።

ድንጋዩን መቅረጽ ሌላ ጣጣ አለው። አልማዝ በተለበጠ ዲስክ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ ነው የምሞርደው። መጀመሪያ ሻካራው፣ ከዚያ ለስለስ ያለው፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ማብረቂያ ዱቄት ማሸት ነው። ችግሩ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ ሲጠግብ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ያ ሁሉ ቀለም ይጠፋል። የመጀመሪያ ቀን ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩ። ሲደርቅ ይመለሳል። ግን መድረቅ ያለበት ቀስ ብሎ ነው። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት አንዱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። አሁን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ቀለሙ የሚያምርበትን ጎን ደግሞ ሳይረጥብ በፊት በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ የቱ ፊቱ፣ የቱ ጀርባው እንደሆነ አይታወቅም። የሚገዙኝን ሰዎች አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፦ ልብስ ስታጥቡ፣ ቅባትና ሽቶ ስትቀቡ አውልቁት። ውሃውን እንደሚጠጣው ዘይቱንም ይጠጣዋል፤ ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ በቀላሉ አይወጣለትም።

ወደ ብረት ቅርጽ የገባሁት በኋላ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስዞር የተጣለ የመኪና ባሌስትራ አየሁ፤ ክንፍ መሰለኝ። እርኩም ልሠራ ተነሳሁ። እግሮቹ ፌሮ፣ አንገቱ የብስክሌት ካቴና፣ ጉልበቱ የተበላ ኩሽኔታ። ጭራውን ከአሮጌ ቆርቆሮ ቆርጬ በየድኩ። ያን ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አተኮሰኝ፣ ደረቴን ያዘኝ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል ጭሱ ሰው ያሳምማል። ከዚያ ወዲህ ዚንክ የተቀባ ነገር አልበይድም። ማንኛውንም ብየዳ ደግሞ ደጅ ነው የምሠራው።

ሁለተኛው ስህተቴ ብየዳውን ከአንድ ወገን መጨረሴ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ወደ ተበየደበት ጎን ይጎትታል። እርኩሙ በማግስቱ አንገቱ ዞሮ ጠበቀኝ። ቆርጬ ደገምኩት። አሁን ሁሉንም መጋጠሚያ በነጥብ ብቻ ከግራም ከቀኝም አሲዤ፣ ዙሪያውን ዞሬ አይቼ፣ ካማረኝ በኋላ ነው እስከ መጨረሻ የምበይደው። አንድ ቀን ሙሉ በነጥብ የቆመ እርኩም ዙሪያ ስመላለስ ውያለሁ። ከሥራው ሁሉ የምወደው ሰዓት ይሄ ነው።

ለዓይኑ ኦፓል ፈለግኩ። እዚህ ጋ የጋሼ ቃል መጣችብኝ። ቦታውን ባዶ ትቼ ብየዳውን ጨረስኩ። ብረቱን አሙቄ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እየቀባሁ አጠቆርኩት። ሦስት ቀን ቀዘቀዘ፤ ዘይቱን ጠራርጌ አወጣሁ። ከዚያ ቀጭን የብር ጠርዝ ቦታው ላይ አጣብቄ ድንጋዩን አስገባሁ።

እርኩሙ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ቆሟል። ጣሪያ አለው፤ የክረምት ዝናብ በነፋስ ሲገፋ ግን ፊቱ ድረስ ይረጨዋል። ያኔ ዓይኑ ይጠራና ቀለሙ ይጠፋል። ሐምሌ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ሮጣ መጥታ «ጋሼ፣ እርኩሙ ዓይኑን ጨፈነ!» አለችኝ። ዝናቡ ሲያቆም ይከፍታል አልኳት። መስከረም እስኪጠባ በየቀኑ እየመጣች ታየው ነበር።