«ሁላችሁም ነጭ ልበሱ»

ጥፋቱ የተጀመረው በስልክ ነው። የገና ሰሞን ስለነበር አዲስ አበባ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ቀጠሮ ተደራርቦበታል። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣች ልጅ ደውላ እናቷን፣ ወንድሞቿን፣ ምራቶቹንና ልጆቹን ይዛ በጠቅላላው 11 ሰው እንደምትመጣ ተናገረች፤ ሳሎን የሚሰቀል 50 በ70 ፎቶ ነው የፈለገችው። «ምን እንልበስ?» ስትል እንግዳ ተቀባይዋ ሳታመነታ «ሁላችሁም ነጭ ልበሱ» አለቻት። ነጭ ካሉ ነጭ ነው፤ ማን ይሳሳታል?

ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አራት ዓይነት ነጭ መጣ። እማማ የለበሱት የቆየ የፈትል ቀሚስ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። ሁለቱ ምራቶች ለበዓሉ ሽሮ ሜዳ ያሠሩት የፋብሪካ ክር ቀሚስ ዓይን የሚወጋ ንጣት አለው። ወንዶቹ የሱቅ ሸሚዝ፣ ልጆቹ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ቲሸርት ለብሰዋል። በር ላይ ቆመው ሲታዩ ግን ሁሉም ነጭ ለባሽ ናቸው፤ ለመከራከር የሚያበቃ ልዩነት ማንም አላየም።

ፍላሹ አየው። የፋብሪካ ነጭ ጨርቅና ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች የሚያነጣ ኬሚካል አላቸው፤ ዓይን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይለውጠዋል። ከፍላሽ የሚወጣው ብርሃን ይህ ጨረር ስላለበት ቲሸርቶቹ ሰማያዊ አሉ። በዱቄት ሳሙና ያልታጠበው የእጅ ፈትል ግን በራሱ ቀለም ቀረ። ኤዲተሩ በእማማ ቀሚስ ልክ ቀለሙን ሲያስተካክል ልጆቹ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ በልጆቹ ልክ ሲያደርገው ደግሞ የእማማ ቀሚስ ሳይታጠብ የተለበሰ ይመስላል። እያንዳንዱን ሰው ለብቻ መርጦ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን 11 ሰው ተቃቅፎ በተነሳበት ፎቶ፣ እጅ በትከሻ ላይ ነጠላ በነጠላ ላይ ሆኖ፣ ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው።

የባሰው የፊት ነገር ነበር። ነጭ ጥጥ ያገኘውን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጠይም ፊት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው የሚመልሰው። ፎቶ አንሺው ፊቶቹ እንዲደምቁ መብራቱን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ሲያደርግ የምራቶቹ ቀሚስ ተቃጠለ፤ ሽመናው ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መሰለ። ዝቅ ሲያደርገው ፊቶቹ ጠቆሩ። ባክግራውንዱም ነጭ ስለነበር የልብሱ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አይለይም። በስልክ የሚያነሳ ሰውም ይኼው ይገጥመዋል፤ በነጭ የተሞላ ፍሬም ሲያይ ስልኩ ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል። መፍትሔው ፊት ላይ ነክቶ ብርሃኑን ከፊት ማስለካት ነው።

ባክግራውንዱን ንጹሕ ነጭ ለማድረግ ከኋላ ሁለት መብራት ተተክሎ ነበር። ስስ ጥጥ ከኋላ ብርሃን ሲያገኘው ያሳልፋል፤ ከበስተጎን የቆመችው ምራት የእግሯ ቅርጽ በቀሚሱ ውስጥ ወለል ብሎ ታየ። ይህን መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያየችው እሷው ራሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ በተነሱት ሁሉ ፊቷ አልተፈታም። የውስጥ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ግን አጭርና ነጭ። ከነጭ ስስ ልብስ ሥር ነጭ ይታያል፤ ከሰውነት ቀለም ጋር የሚቀራረብና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነው መሆን ያለበት።

እስካሁን ያለው አብዛኛው በኮምፒውተር ይብዛም ይነስ ይታከማል። የነጠላው ግን ሌላ ነው። ከወገብ በላይ ሲነሱ የእማማ ጥለት ከፍሬሙ ውጭ ቀረ። ወጣቱ ረዳት ያንን የመሰለ ጥለት መቅረቱ ቆጭቶት ጠጋ አለና ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አመጣው። እማማ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብኝ ነው የምታዘቀዝቀኝ?»

ሳቅ ሆነ፤ ግን ልጅየው ሙሉ ቀን አላገገመም። ነጠላ የተዘቀዘቀ ዕለት ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። ጥለቱ ፎቶ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ካሜራውን ወደ ኋላ ይስባል ወይም ባለነጠላዋን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጥለቱ ጉልበቷ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ነጠላውን አይነካም።

ፎቶ ቤቱ በነጻ ሊደግምላቸው ተስማማና ለቀጣዩ ቅዳሜ ተቀጠሩ። በዚህኛው ዙር የስልኩ ንግግር ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ልብሱን የማይቀይረው ማነው?» የሚል ነበር። በማንኛውም ቤተሰብ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ አያት፣ ሙሽራ፣ ወይም ዩኒፎርሙን የሚወድ ወታደር። ምርጫው ከእሱ ይነሳል። እዚህ ቤት የእማማ ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ ደብዛዛ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴና ትንሽ ቡና ዓይነት አለው። ሌላው ሰው ከነዚህ አንዱን ቀለም ብቻ ይወስዳል፣ ያውም ደርባባውን እንጂ የሚጮኸውን አይደለም። ደማቅ ብርቱካናማ የለበሰ ሕፃን ጭን ላይ ቢቀመጥ ቀለሙ የያዘው ሰው አገጭ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ልብስ ላይማ ይብሳል። ለዚህ ነው በመስከረም ለምለም ሣር ላይ በነጭ የተነሱ ሰዎች ከአገጫቸው ሥር አረንጓዴ የሚሉት።

ከ11ዱ ጥለት ያለው ልብስ የለበሱት አራት ብቻ ሆኑ፤ የቀሩት ልሙጥ። ወንድሞች ቡናማና ግራጫ ኮት ከክሬም ሸሚዝ ጋር። አንደኛው ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ካልለበስኩ ብሎ ነበር፤ መስመሩ በካሜራው ነጥቦች ስፋት ልክ ሲገጥም ጨርቁ ላይ ውኃ የሚፈስ የሚመስል ሞገድ ይወጣል። አንሺው ትንሽ ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ይጠፋል፤ ነገር ግን በቡድን ፎቶ ለአንድ ሸሚዝ ብሎ የሚንቀሳቀስ የለም። ልሙጥ ለበሰ።

ሁለተኛው ትእዛዝ ሁሉም ልብስ ከነጫማው ከሁለት ቀን በፊት አልጋ ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ አምፖል ጠፍቶ እንዲዘረጋና በስልክ ተነስቶ እንዲላክ ነው። በአልጋው ፎቶ ሁለት ነገር ተያዘ። ያንኑ ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀይሩት የሦስቱ ልጆች ልብስ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነ፤ ጎን ለጎን ቢቆሙ አንድ ክምር ሊመስሉ ነው፤ አንዱ ቀለል ያለ ቀለም ተቀየረለት። ሌላው ካልሲ ነው። ሰው ሲቀመጥ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ በቡናማ ሱሪና በጥቁር ጫማ መሐል ነጭ የስፖርት ካልሲ ብቅ ካለ ከፎቶው ሁሉ ዓይን የሚይዘው እሱ ነው።

የሀገር ልብስ ታጥፎ አይመጣም፤ ከዋዜማው ተሰቅሎ ያድራል፣ በማንጠልጠያ ይመጣል፣ እዚያው ይለበሳል። መኪና ውስጥ ለብሰውት ከተቀመጡ ጀርባው ተጨማዶ ቀበቶው ደረት ላይ መስመር ይሠራል። ልጆች የሚለብሱት መጨረሻ ላይ፣ አሥር ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ጭማቂ እንዳይደፉበትም መጠንቀቅ ነው።

በሁለተኛው ቀን ባክግራውንዱ ጥቁር ግራጫ ሆነ፤ ቤተሰቡ ከሱ ሁለት ሜትር ያህል ራቀ፤ ዋናው መብራት በትልቅ ሶፍትቦክስ (ብርሃን በሚያለሰልስ የጨርቅ ሣጥን) ከጎን 45 ዲግሪ ገባ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የሽመናውን ክር ያወጣዋል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ይደፈጥጠዋል። ከኋላ መብራት አልነበረም። እማማ መሐል ተቀመጡ፤ ረዳቱ እጁን ኪሱ ከቶ በሩቁ ቆመ። 25 ደቂቃ በቂ ሆነ።

የታተመውን ሊወስዱ ሲመጡ ልጅቷ ክፈፉን ወደ እናቷ አዞረችው። እማማ መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ ፊታቸውን አለፉት፣ ጉልበታቸው ላይ ደረሱ።

«ነጠላዬስ? እህ፣ ደህና ነው።»