ትንፋሽ የሚያስተምሩት ጋሼ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ መሪ የነበሩ ጡረተኛ፣ ልጆች ሲያስተምሩ ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን በሰልፍ ፊት የመሪነት በትር ይዘው ኖረው፣ አሁን ትራምፔት በነፃ ያስተምራሉ።

ጀማሪ ልጅ መሣሪያውን አያገኝም። ከንፈር የሚያርፍበትን ጫፍ ብቻ ይቀበልና ከንፈሩን ማንቀጥቀጥ ይለማመዳል። «ቁልፉ 3 ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከትንፋሽህና ከከንፈርህ ነው የሚወጣው» ይሉታል። ትከሻው ከፍ ካለ ያስቆሙታል፤ አየር በሆድ ነው የሚሳበው።

ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ኖታው ወዲያው ገባው። ጋሼ ምንም አልገረማቸውም። «የዜማ ምልክቶቹን፣ ይዘትና ድፋት፣ ቅናትና ርክርክ ለይቶ ለሚያዜም ልጅ የኖታ አምስት መስመር ምን ይከብደዋል?» አሉኝ። እውነት ነው! የዜማ አገር ላይ ሙዚቃ ማስተማር ምን ያለ መታደል ነው።

ሻይ እየጠጣን ስለ አርባ ልጆች አጫወቱኝ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመን ሙዚቀኞች ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስም ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማሩ። ጋሼ ስማቸውን ሲጠሩ እንደ የኔታ ነው፣ በአክብሮት።

ማርሽ ባንድን በበዓል ቀን ብቻ ማስታወሳችን ያሳዝነኛል። ልጆቹ አንዱን ትራምፔት እየተቀባበሉ ነው የሚማሩት። ቤቱ የተቀመጠ ትራምፔት ወይም ክላርኔት ያለው ሰው፣ ያረጀም ቢሆን፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።