እማ ሮቦት አይደለችም

ለመውሊድ ደሴ ስገባ የእናቴን ስልክ በነጠላ ተጠቅልሎ ትራስ ሥር አገኘሁት። «ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ቫይረስ ገብቶብሻል ይለኛል። ያ ረቢ፣ ምን ልሁን?»

እኔም አመንኩ፤ ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ቫይረስ ያጸዳል የሚባል አፕ ጫንኩ። ስልኩ ተንቀራፈፈ እንጂ ጩኸቱ አልቆመም። ድረ ገጽ የምትከፍትበትን አሳሽ፣ የክሮምን፣ የአሰሳ ታሪክ አጠፋሁ። ወይ ፍንክች!

በረካው ላይ ስንደርስ እንደገና ጮኸ። መልእክቱን ተጭኜ ሳልለቅ ያዝኩት። በደቃቅ ፊደል የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎበታል። ለካ ቫይረስ የሚባል የለም፤ ድረ ገጽ የሚልከው ማሳወቂያ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው በመንዙማ ነው። እማ ከእህቴ ልጅ ጋር ማውረጃ ሲፈልጉ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» አላቸው። «እኔ ሮቦት ነኝ እንዴ?» ብላ ተጫነች። በቃ። ገጹ ቢዘጋም ፈቃዱ አሳሹ ውስጥ ይቀራል። የሚቀመጠውም ከአሰሳ ታሪኩ ተለይቶ ስለሆነ ያ ሁሉ ማጥፋቴ አልነካውም። የክሮም ቅንብሮች ውስጥ «የጣቢያ ቅንብሮች»፣ ከዚያ «ማሳወቂያዎች» ስገባ አሥራ አንድ ድረ ገጽ ተኮልኩሏል። መንዙማ ያለበት አንድም የለም።

በንዴት ሁሉንም አገድኩ። ወዲያው የእህቴ ልጅ አኮረፈ። የኳስ ውጤት የሚነግረው ገጽም አብሮ ሄዷል፤ እሱን ፈልጎ፣ አውቆ ነበር የፈቀደው።

እና ድረ ገጾች ማሳወቂያ ይላኩ ወይስ አይላኩ? ይላኩ ባይ ነኝ። እኔን የሚያናድደኝ ገና እግሬ ሳይገባ በር ላይ ቆሞ «ፍቀድልኝ» የሚለው ነው። እንግዳ እንኳ ቡና ሳይቀርብለት ብድር አይጠይቅም። ገጹ ከተዘጋ በኋላም ማሳወቂያ የሚላክበትን አሠራር ክሮም ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሌላው አሳሽ ፋየርፎክስ በጥር 2020 ተጠቃሚው ገጹ ላይ አንዳች ነገር ሳይነካ ጥያቄው ብቅ እንዳይል አደረገ፤ አድራሻው አጠገብ ትንሽ ምልክት ብቻ ይታያል። ደግ አደረገ።

በእማ ስልክ ላይ ጭራሽ ማንም እንዳይጠይቅ ዘጋሁት። የኳሱን ገጽ ብቻ መለስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ደወለች። «ልጄ፣ ቫይረሱ ተመለሰ!»

አርሰናል አግብቶ ነው።