ከጸሎቱ በኋላ አልጋ የለም

በሕፃናት ማሳደጊያ የሚያድግ የ15 ዓመት ልጅ ከትምህርቱ የሚርቀው ሒሳብ ከብዶት ብቻ አይደለም። ካርዱን ይዞ ሲመጣ የሚያሳየው ሰው ያጣል። «ለማን ብዬ?» ይላል። እምነት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ሰዓትና ሰው ይዞ ሲመጣ ነው፤ ስብከት ብቻውን ከንፈር መምጠጥ ነው።

ሰዓቱን እንውሰድ። ሌሊት 11 ሰዓት ለጸሎት የተነሳ ልጅ ወደ አልጋው ካልተመለሰ፣ ቁርስ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ጸጥታ አለው። ሒሳብና ፊዚክስ ያኔ ይሠሩ። በተለይ በዐቢይ ጾም፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ከቀትር በኋላ ቀመር አይገባውም፤ ስንፍና ሳይሆን ረሀብ ነው። ሽሮውን ከበላ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ያኔ ልብሱን ይጠብ። በረመዳንም ከሱሁር፣ ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ፣ በኋላ ያለው ሰዓት ለጥናት ይሆናል፤ ወጥ ቤቱ ሌሊት የሚነሳ ሰው ካልመደበ ግን ልጁ ባዶ ሆዱን ሄዶ ዴስክ ላይ ያንቀላፋል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ። ጥር 10፣ 11ና 12 ትምህርት ቢቀር ኪሳራው ትንሽ ነው። ማታውን የሚበላው ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለው የመዝሙር ልምምድ ነው፤ ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ተመልሰው ብዙም ሳይቆይ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ይደርሳል። ልጁን ከመዝሙር ማገድ ግን ስህተት ነው ባይ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤቱ «የድርጅት ልጅ» የማይባልበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ከአስተባባሪው ጋር ተነጋግሮ ልምምዱን በሳምንት ሁለት ማታ መወሰን ይሻላል።

ሲወድቅ ነው የሚከፋው። ተስሎ፣ ጧፍ አስገብቶ ከወደቀ ውጤቱን ከሐዘኑ ጋር ያያይዘዋል፦ «እናቴንም ወሰደብኝ፣ ይሄንንም ከለከለኝ»። በዚያ ምሽት «እሱ ያውቃል» አይባልም፤ ሻይ አፍልቶ አብሮ መቀመጥ ይበቃል። በማግስቱ ሞግዚቷ ወይም አስጠኚው የፈተና ወረቀቱን ያውጡ፤ የዘለለውን፣ በጥድፊያ የሳተውንና ጭራሽ ያልተማረውን ለየብቻ ይቁጠሩለት። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ምዕራፍ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ምዕራፍ ይከለሳል፤ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ ካመነ ግን ደብተሩን አይከፍትም።

ዘግይቶ ትምህርት የጀመረን ልጅ 18 ዓመት 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ ይደርስበታል፤ በዚያ ዕድሜ ከማሳደጊያው ሲወጣም ሰዓቱን የሚጠብቅለት ይጠፋል። ስለዚህ በ17 ዓመቱ ንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ ከአስጠኚው ጋር ይተዋወቁ፤ ሲወጣ እየመጣ የሚጠይቀው አንድ ሰው በስም ይታወቅ። የልደት ምስክር ወረቀቱና የ8ኛ ክፍል ካርዱም ይዘጋጁ። ኦሪጅናሉ በልጁ እጅ፣ ኮፒው በማሳደጊያው ፋይል።